«የትኛውን የድምፅ መሣሪያ ልጠቀም?» ኮምፒዩተር ደጋግሞ ስለሚያቀርበው ጥያቄና ስለ ድምፅ ቅጂ ሥራችን

በጎበሳ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ገለጻ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት አነስተኛ ይመስላል። የሙዚቃ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር በተከፈተ ቁጥር፣ አንዳንዴም በሥራ መካከል፣ «የድምፅ መሣሪያው ተለውጧል፤ አዲሱን ልጠቀም?» ወይም «የድምፅ መሣሪያ አልተገኘም» የሚል መልእክት ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ተጠቃሚው «እሺ» ብሎ ይዘጋዋል። ጥቂት ቆይቶ ይኸው መልእክት ይመለሳል። አብዛኛው ሰው እንደ ዝንብ እሽ ብሎ ያባርረዋል። እኔ ግን መነበብ ያለበት ጥያቄ ነው ባይ ነኝ፤ ሳይነበብ የተሰጠ «እሺ» ዳግመኛ የማይገኝ ቅጂ ሊያበላሽ ይችላልና።

እንዴት ሊያበላሽ እንደሚችል ከዚሁ ከአካባቢያችን ምሳሌ ልውሰድ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ እናቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአቴቴ ሥርዓት ላይ ያዜማሉ። ይህን ዜማ ለጥናት ሊቀዳ የሄደ ተማሪ ላፕቶፕ፣ ማይክና በየስቱዲዮው «ሳውንድ ካርድ» የምንለውን የውጭ የድምፅ መሣሪያ ይይዛል እንበል። ገመዱ ለአንድ አፍታ ይነቃነቃል፤ ሳውንድ ካርዱ ከኮምፒዩተሩ ዘንድ ይጠፋል፤ ሶፍትዌሩም በላፕቶፑ ውስጣዊ ማይክ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ተማሪው ሥርዓቱ እንዳያመልጠው ተጣድፎ «እሺ» ይላል። የድምፅ መጠን ማሳያው ይንቀሳቀሳል፤ ሁሉም ነገር ደኅና ይመስላል። ቤቱ ገብቶ ሲያዳምጥ ግን ከዜማው ይልቅ የላፕቶፑ ማራገቢያ ጎልቶ ይሰማዋል። ማይኩ በዘማሪዎቹ ፊት ቆሞ ሳለ የቀዳው ላፕቶፑ ነው። ሥርዓቱ ደግሞ ለእርሱ ሲባል አይደገምም።

ቀድሞ መሣሪያው ይህን አይጠይቅም ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ሲቀዱም ሆነ አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ ማሳተሚያውን ሲያቋቁም፣ ድምፅ የሚገባበትና የሚወጣበትን መንገድ የሚወስነው ባለሙያው በእጁ የሚሰካው ገመድ ነበር። በካሴት ዘመንም ሁለት ቁልፍ አብሮ መጫን ይበቃ ነበር። ኮምፒዩተር ግን ብዙ እጩዎች አሉት፤ ውስጣዊው ድምፅ ማጉያና ማይክ፣ ሳውንድ ካርዱ፣ የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫው፣ ሌላው ቀርቶ በኤችዲኤምአይ ገመድ የተያያዘው ቴሌቪዥን ወይም ፕሮጀክተር እንኳ እንደ ድምፅ መሣሪያ ይቆጠራል። ከእነዚህ አንዱ ሲገባ ወይም ሲወጣ ዝርዝሩ ይለወጣል፤ ጥያቄውም ከዚያ ይመነጫል።

አጠያየቁ እንደ ሶፍትዌሩ ይለያያል። በማክ ላይ ጋራጅባንድና ሎጂክ በግልጽ ይጠይቃሉ። ኤብልተን ላይቭ የድምፅ ሞተሩ መጥፋቱን ገልጾ መሣሪያ እንድንመርጥ ያሳስባል። በዊንዶውስ ላይ እንደ ኩቤዝና ኤፍኤል ስቱዲዮ ያሉት በብዛት የሚሠሩት በአሲዮ ነው። አሲዮ የጀርመኑ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ሲሆን፣ ሶፍትዌሩ የዊንዶውስን የድምፅ መቀላቀያ አልፎ ከሳውንድ ካርዱ ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር ያደርጋል። የራሱ የአሲዮ ድራይቨር ለሌለው መሣሪያ ብዙዎች «አሲዮ ፎር ኦል»ን ይጭናሉ፤ ይህ ግን ድልድይ እንጂ የመሣሪያው የራሱ ድራይቨር አይደለም። የአምራቹ ድራይቨር እያለ ድልድዩን መምረጥ አልመክርም።

ታዲያ ጥያቄው አንዴ ተመልሶ ለምን አያበቃም? በእኔ ግምት ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ምክንያት የዩኤስቢ ቀዳዳው ነው። መሣሪያው በውስጡ የተጻፈ የራሱ መለያ ቁጥር ካለው ዊንዶውስ በየትኛውም ቀዳዳ ቢሰካ ያውቀዋል። መለያ ቁጥር የሌለውን ግን በተሰካበት ቀዳዳ ነው የሚመዘግበው። ትናንት በግራ፣ ዛሬ በቀኝ ብንሰካው እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል፤ ሶፍትዌሩ ያስታወሰው የትናንቱ ስም ስለጠፋ እንደገና ይጠይቃል። መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም፤ አንድ ቀዳዳ መርጦ ፕላስተር ለጥፎ ምልክት ማድረግ ነው።

ሌላው መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ከግድግዳ ሶኬት ኃይል የሚወስደው ሳውንድ ካርድ ግን ይሞታል። መብራቱ ሲመለስ መሣሪያው እንደ አዲስ ይገባል፤ ሳጥኑም ይከተላል። ከዩኤስቢ ብቻ ኃይል የሚወስደው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ በመደበኛው የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው። የራሱ ኃይል በሌለው ማከፋፈያ ላይ ሳውንድ ካርድ፣ ኪቦርድና ሃርድ ዲስክ አብረው ከተሰኩ አንዱ በየመካከሉ መውደቁ አይቀርም። ዊንዶውስም ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሥራ ፈት ያሉ የዩኤስቢ መሣሪያዎችን ያስተኛል፤ ይህን በኃይል አጠቃቀም ማስተካከያው ውስጥ መዝጋት ይቻላል።

የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ለቅጂ ሥራ አይሆንም፤ በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት አሠራር ስለሚሻገር የድምፁ ጥራት ይወርዳል፤ በኮምፒዩተሩ ላይም አንዱ ማዳመጫ ሁለት መሣሪያ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

አሁን ለተመራማሪዎች ይበልጥ ወደሚያሳስበው ልግባ፤ እርሱም የናሙና ፍጥነት ነው። መሣሪያ ሲቀየር በሰከንድ የሚወሰደው የናሙና ብዛት አብሮ ሊቀየር ይችላል፤ አንዱ በ44,100፣ ሌላው በ48,000 ይሠራል። ሶፍትዌሩ ብዙውን ጊዜ ልዩነቱን አስልቶ ያስተካክላል። ሳያስተካክል ሲቀር ግን በ44,100 የተቀዳው በ48,000 ይጫወታል፤ ፍጥነቱም ድምፁም በ9 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። የአንድ ሰዓት ቅጂ በ55 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ተኩል ያልቃል። በድምፅ ከፍታ ሲለካ ይህ ወደ አንድ ተኩል ግማሽ ድምፅ ይጠጋል።

በፒያኖ ሥራ ላይ ቢሆን መቃኛ መሣሪያ ወዲያው ያጋልጠው ነበር። ማሲንቆ ግን የሚቃኘው ለዘፋኙ ጉሮሮ እንዲመች ነው፤ ቀድሞ የተወሰነ ከፍታ ስለሌለው ስሕተቱን በጆሮ ማወቅ ያዳግታል። ልብ በሉ፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም፤ ትዝታው ትዝታ፣ አንቺሆዬውም አንቺሆዬ ሆኖ ይቀራል። የሚዋሸው የዘፋኙ እውነተኛ የድምፅ ከፍታና የዜማው ፍጥነት ነው። ስለነዚህ ሁለቱ የሚጻፍ ጥናት ሁሉ ባልነበረ ድምፅ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከቅጂው በፊት ከስልክ መቃኛ 440 ኸርዝ ድምፅ ለአሥር ሰከንድ እንዲቀዳ፣ ቀኑና ቦታውም በቃል እንዲነገር እጠይቃለሁ። በኋላ ስትለኩት 479 ገደማ ካሳያችሁ የሆነው ነገር ግልጽ ነው፤ ቅጂውንም በስሌት መመለስ ይቻላል። በውስጣዊው ማይክ የተቀዳውን ግን የሚመልስ ስሌት የለም።

ጥያቄው ሲደጋገም ፍለጋው ከቀላሉ ይጀምር። መጀመሪያ ገመዱን ለውጡ፤ ገመድ ከሳውንድ ካርድ ቀድሞ ያረጃል። ከዚያ ሳውንድ ካርዱን ያለ ማከፋፈያ በቀጥታ ሰክታችሁ፣ ከሶፍትዌሩ በፊት አብሩት። በዊንዶውስ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ የማትጠቀሙባቸውን መሣሪያዎች፣ በተለይ የቴሌቪዥኑን የድምፅ መውጫ፣ ዝጉ። በሶፍትዌሩ ውስጥ መግቢያውንም መውጫውንም በስም ምረጡ፤ «የሲስተሙ ምርጫ» ብላችሁ ከተዋችሁት አዲስ ነገር በተሰካ ቁጥር ተከትሎ ይሄዳል። በማክ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018ቱ ሞሃቪ ወዲህ ሶፍትዌሩ ማይክ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱ ከተከለከለ መሣሪያው ተመርጦም ዝምታ ብቻ ይቀዳል። በመጨረሻም፣ ከመቅዳታችሁ በፊት ማይኩን በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ነካ አድርጉና ማሳያውን ተመልከቱ፤ ቀጥሎም የላፕቶፑን ጠርዝ ነካ አድርጉ። የበለጠ የዘለለው በየትኛው ጊዜ እንደሆነ ካያችሁ፣ ድምፅ የሚገባው ከየት እንደሆነ አወቃችሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ኮምፒዩተሩ በተነሳ ቁጥር የሚመለስ ከሆነ፣ ምርጫው መቀመጡን መርምሩ። ሶፍትዌሩ ምርጫችንን የሚጽፈው በተጠቃሚው ማኅደር ውስጥ ባለ ፋይል ላይ ነው። በትምህርት ተቋማት የኮምፒዩተር ክፍሎች ግን ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልስ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ይጫናል። ዓላማው ከቫይረስ መጠበቅ ነው፤ የድምፅ ምርጫውን ግን አብሮ ይሰርዘዋል። ተማሪው ጥፋቱ የእርሱ እየመሰለው በየቀኑ እንደገና ይመርጣል። እዚህ ላይ ተማሪው ሊያደርገው የሚችለው ነገር የለም፤ የክፍሉ ኃላፊ መከላከያውን ለጊዜው ከፍቶ ትክክለኛውን መሣሪያ ከመረጠ በኋላ ማሽኑን እንደገና መቆለፍ ይኖርበታል። ይህ ሥራ ለአንድ ማሽን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። በክፍላችሁ እንዲህ ያለ መከላከያ ካለ፣ ጥያቄውን ለኃላፊው በጽሑፍ አቅርቡ፤ የሳውንድ ካርዱን ሙሉ ስምና የመረጣችሁትን የናሙና ፍጥነትም ጨምራችሁ ጻፉ።