ስለ አሮጌ ቮልስዋገን የኋላ ፍሬን



በለቡ የሚኖሩ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በላኩልን ደብዳቤ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1965 ሥሪት በሆነችው ቮልስዋገናቸው ላይ የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ማስገባታቸውን፥ አሁንም የኋላ ታምቡሯን አንሥተው የዲስክ ፍሬን ሊያስገጥሙላት ማሰባቸውን ገልጸው ምክር ጠይቀውናል። በአዲስ አበባ ይህችን መኪና እንደ ቅርስ የሚንከባከቡ ብዙዎች ስለሆኑ መልሱን ለሁሉም እናድርገው።

ታምቡር ከጎማው ጋራ የሚዞር የብረት ቆብ ነው። በውስጡ ያሉት ሸራዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ግድግዳውን ይይዙታል። በረጅም ቁልቁለት ላይ፥ ለምሳሌ ከእንጦጦ ሲወረድ፥ ብረቱ ግሎ ስለሚሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ፔዳሉም ይሰምጣል። ዲስክ ግን ሁለት ሸራዎች ከግራና ከቀኝ የሚጨብጡት ገላጣ ሳህን ነውና ነፋስ ያበርደዋል፤ ውሃም ፈጥኖ ይለቀዋል። ጃጓር በ1953 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር ድል ያደረገው በዚሁ ፍሬን ነበር።

ይሁን እንጂ ሥራውን ከኋላ መጀመር አደገኛ ነው። ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀላሉ። ቮልስዋገን ሞተሯ ከኋላ በመሆኑ ጥቂት ትሻላለች እንጂ ከዚህ ሕግ አታመልጥም። የኋላ ጎማ ከፊተኛው ቀድሞ ከተቆለፈ፥ ይልቁንም በክረምት በራሰ አስፋልት ላይ፥ መኪናዋ ጭራዋን ታዞራለች፤ ያን ጊዜ መሪ አያድንም። ፋብሪካው ራሱ በ1966 ባወጣት ባለ 1500 ቮልስዋገን ላይ ዲስክ ያደረገው በፊት ጎማዎች ብቻ ነበር። ጠያቂያችንም በቅድሚያ የፊቱን ያስለውጡ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የእጅ ፍሬን ነው። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን ገመድ የሚስበው የኋላ ታምቡር ውስጥ ያሉትን ሸራዎች ነው። ታምቡሩ ሲነሣ እርሱም አብሮ ይቀራል። በርካሽ ከሚሸጡት የዲስክ መቆንጠጫዎች አንዳንዶቹ ለገመዱ የሚሆን ማንሻ የላቸውም፤ ሻጩም ሳይጠየቅ አይናገር ይሆናል። «ማርሽ አስገብቼ አቆማታለሁ» የሚለውን መልስ ሰምተነዋል፤ ዳገት ላይ ቆማ በሥሯ ልጆች ለሚጫወቱባት መኪና ግን አይበቃም። ማንሻ የሌለው ዕቃ አይገዛ።

ከመግዛት በፊት የቡሎኑም ቁጥር ይታይ። የ1965ቷ ጎማ የሚታሰረው በአምስት ቡሎን ነው፤ በኋላ የመጡት ግን ባለ አራት ናቸው። የአክስሉ ትልቅ ዳዶ ደግሞ በግምት አይጠበቅም። አንድ ሜትር በሚረዝም ዘንግ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ እንደ መስቀል ያህል ኃይል ይፈልጋል፤ መቆለፊያ ሽቦውም አሮጌው ተመልሶ አይገባም። ለታምቡር የተሠራ የፍሬን ፓምፕ በቧንቧው ውስጥ ግፊት የሚያስቀር ከሆነ፥ የዲስኩ ሸራ ሳይለቅ ሲታሽ ይውላል። ጎማው እግር ከፔዳሉ ከተነሣ በኋላ በእጅ የማይዞር እንደ ሆነ ምክንያቱ ምናልባት ይህ ነው።

አየሩ ከቧንቧው ተጠርጎ ወጥቶ አዲስ ዘይት ከገባ በኋላ መኪናዋ ባዶ ሜዳ ላይ፥ በመጀመሪያ በዝግታ፥ ቀጥሎም በመጠነኛ ፍጥነት ትፈተን። አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደሚቆለፍ ይመልከት። የኋላው ከቀደመ ግፊቱን የሚቀንስ ማስተካከያ ሳይገባላት ወደ ከተማ አትውጣ። የእጅ ፍሬኑም ዳገት ላይ፥ ከጎማው ሥር ታኮ ተደርጎ፥ ፊቷ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜም ወደ ታች ሆኖ ይሞከር።