ወፍ መቼ ትራባለች?

(ለንባብ ቤት ተሳታፊዎች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። በግቢያችን ስለሚያርፉ ወፎች ነው። «ሥራ ጠፍቶ ነው ወይ ስለ ወፍ የምንነጋገረው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አይፈረድበትም። ግን ጥቂት ታገሡኝ። የግቢ ወፍ ነገር ከዶሯችን ጤና፣ ከጓሯችን አትክልት፣ ከልጆቻችንም ወባ ጋር የተያያዘ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እህል የምትለቅም ወፍ በዓመት ውስጥ ይበልጥ የምትራበው መቼ ነው? ብዙ ሰው «በበጋ ነዋ! ምድሩ ሲደርቅ፣ ሣሩ ሲያልቅ!» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰዎች በብርዱ ወራት ለወፍ እህል ያቀርባሉ። ምነው ቢሉ፣ በዚያ አገር በረዶ ምድሩን ይሸፍነዋል። ቀኑም በጣም ያጥራል። ትንሿ ወፍ በአጭሩ ቀን በቂ ምግብ ካላገኘች ረጅሙን ሌሊት አትዘልቀውም። የእኛ አገር ሁኔታ ሌላ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጣና ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ምድሯን በረዶ አይሸፍነውም። ቀኗም ክረምት ከበጋ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ የሌላውን አገር ልማድ እንዳለ መቅዳት አይጠቅምም። ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች ይባል የለ? እንክብካቤዋም እንደ አገሯ ነው።

እስኪ ድንቢጧንና ዋኔዋን እንመልከት። እነዚህ ወፎች ዋና ምግባቸው የሣርና የእህል ፍሬ ነው። በበጋ ወራት የሣሩ ፍሬ መሬት ላይ ረግፎ ይቆያል። ደረቅ ስለሆነ አይበሰብስም። ወፎቹ አፈሩን እየጫሩ ይለቅሙታል። ታዲያ ፍሬው በየቀኑ እየቀነሰ ይሄዳል። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ዝናቡ ሲጥል ደግሞ የቀረው ሁሉ ይበቅላል። የበቀለ ፍሬ ለእነርሱ ጥሬ አይሆንም። አዲሱ ሣር አብቦ ፍሬ እስኪይዝ ብዙ ሳምንት ያልፋል። ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ወፏ ትራባለች ማለት ነው።

ይህ ለገበሬ እንግዳ ነገር አይደለም። ጎተራ የሚራቆተው መቼ ነው? ዘሩ መሬት ከገባ በኋላ፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ በሐምሌና በነሐሴ አይደለም እንዴ? ዙሪያው ለምለም ነው፤ ሌማቱ ግን ባዶ ነው። የወፏም ችግር ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ሰብል አጥፊው ግሪሳ ከአገር አገር የሚሰደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የረገፈው ፍሬ ሲበቅልበት፣ ዝናብ ቀድሞ ወደ ጣለበትና አዲስ ፍሬ ወደ ደረሰበት ስፍራ ይሄዳል።

እንግዲህ አባቶቻችን ዓመቱን በአራት ወቅቶች እንደ ከፈሉት፣ እኛም በየወቅቱ ለወፍ የሚበጀውን እንይ።

በጋው ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ነው። በዚህ ወቅት ወፍ ይበልጥ የምትፈልገው ውኃ ነው። ትልና ፍራፍሬ የምትበላ ወፍ ከምግቧ ውስጥ ውኃ ታገኛለች። ደረቅ ፍሬ የምትለቅም ወፍ ግን በየቀኑ መጠጣት አለባት። «ጣናን የሚያህል ሐይቅ አጠገባችን እያለ ለወፍ ውኃ ማኖር ምን ይባላል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከሐይቁ ወይም ከዓባይ ዳር ላለ ግቢ ይህ ግድ አይደለም። ራቅ ባሉ መንደሮች ግን ጅረቱም ኩሬውም ይደርቃል። ለእነዚያ የተሰበረ እንስራ ገል ይበቃል። ውኃው ከሁለት ጣት በላይ አይጥለቅ። መካከሉ ላይ ድንጋይ አኑሩ፤ ወፏ ትቆምበታለች። ገሉን ድመት ከሚያደባበት ቁጥቋጦ አርቁት።

ቀጥሎ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ጸደይ ነው። ሙቀቱ የሚበረታው በዚህ ወቅት መጀመሪያ ስለሆነ ውኃው አይቋረጥ። ወቅቱ ሊያበቃ ሲል ዝናቡ ይጀምራል። እህል መስጠት ለፈለገ ሰው ጊዜው ያን ጊዜ ነው። ከሰፌድ ላይ የቀረ የዳጉሳ ወይም የጤፍ ብጣሪ አንድ እፍኝ ይበቃል። ከቤተሰብ ሌማት ላይ ተቀንሶ ለወፍ ይሰጥ አንልም። ጠዋት በተጠረገ መሬት ላይ በትኑት። እስከ ማታ ካላለቀ በማግሥቱ ቀንሱ። የሻገተ እንጀራና ዳቦ፣ ጨውና በርበሬ የነካው ትራፊ ግን ለወፍ አይሰጥም፤ ይጎዳታል።

ክረምቱ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ይህ የብዙ ወፎች የመራቢያ ጊዜ ነው። በጣና ዳር ሣር እየሰነጠቀች ጎጆዋን ከቅርንጫፍና ከደንገል ላይ አንጠልጥላ የምትሠራዋን ቢጫ ወፍ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። በዚህ ወቅት ከእኛ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ እጅን መሰብሰብ። ጎጆ የተሠራበት ቅርንጫፍ እስከ ጥቅምት ባይቆረጥ ምን ይጎዳናል? ልጆችም ወንጭፋቸውን ከግቢ ወፍ ላይ ያንሡ።

«ወፏ እኮ ሰብሌን ትበላለች!» የሚል ገበሬ አይሳሳትም። ትበላለች። ነገር ግን እህል የምትለቅም ወፍ እንኳ ጫጩቶቿን በአብዛኛው የምታሳድገው በትልና በአንበጣ ነው። ለስላሳ ጫጩት ጥሬ መፍጨት አይችልምና። አንዲት እናት ወፍ በቀን ስንት ጊዜ ተመላልሳ ትል እንደምታጎርስ በጓሯችሁ ቆማችሁ ቁጠሩ። ያ ሁሉ ትል ጎመናችሁን ሊበላ የነበረ ነው።

ቻይናዎች ይህን በብርቱ ዋጋ ተምረውታል። በ1958 እ.ኤ.አ. ድንቢጥ እህል ትበላለች ተብሎ በመላ አገሪቱ ዘመቻ ተከፈተባት። ሕዝቡ ቆርቆሮና ድስት እየደበደበ ወፎቹ እንዳያርፉ ከለከለ። ድካም እየጣላቸው አለቁ። ከዚያ በኋላ ግን ሰብል የሚበሉ ተባዮች በዙ። በ1960 እ.ኤ.አ. ድንቢጥ ከሚጠፉት ዝርዝር ወጥታ በስፍራዋ ትኋን ገባ። እንግዲህ ሰብሉ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ማባረር የገበሬ መብት ነው። ጎጆ ማፍረስና ጫጩት መግደል ግን ሌላ ነገር ነው።

መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ይቆያል። ሣሩም ሰብሉም ፍሬ ይዟል። ስለዚህ እህል መበተን ይቁም። በዚህ ጊዜ የሚበትን ሰው መንጋ ወፍ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይጠራል። ከጎረቤትም ያጣላል።

በዚህ ወቅት ከሩቅ አገር እንግዶች ይመጣሉ። ጅራቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች በከብት እግር ሥር የምትሮጠዋ ቀጭን ወፍ ከእነዚህ አንዷ ናት። ባለሙያዎች ክሬን የሚሏቸው፣ እግርና አንገታቸው ረጅም የሆነ ግራጫ ወፎችም በሺህ እየሆኑ ወደ ጣና ዳርቻና ወደ ፎገራ ሜዳ ይመጣሉ። ከእነርሱ ውስጥ ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ የሚነሡ አሉ። መንገዱ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀን በታጨደ ማሳ ላይ የወደቀውን እህል ይለቅማሉ። ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ለእነዚህ እንግዶች እህል መበተን አያስፈልግም። የሚያድሩበት ረግረግ ካልደረቀና በማሳው ላይ ካልተባረሩ ራሳቸውን ይችላሉ። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ክምችት ሆኖ ተመዝግቧል። ይህን ሀብት መጠበቅ ግን ከእኛ ከነዋሪዎቹ ይጀምራል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንለፍ። ደግነት ያለ ጥንቃቄ ጉዳት ያመጣልና።

አንደኛ፣ የወፍ ውኃ በየቀኑ ይደፋ፤ ገሉም ይታጠብ። ባሕር ዳርና አካባቢዋ ወባ ያለበት አገር ነው። የወባ ትንኝ በቆመ ውኃ ላይ እንቁላል ትጥላለች፤ አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ካለፈ አዲስ ትንኝ ይወጣል። ውኃውን ጠዋት ጠዋት የሚደፋ ሰው ትንኝ አያራባም።

ሁለተኛ፣ የወፍና የዶሮ መብል መጠጥ አይቀላቀል። ዶሮ የሚፈጀውን ፈንግል ታውቁታላችሁ። እርግብና ዋኔ ይህን በሽታ ተሸክመው ሊመጡ ይችላሉ። የወፏ ገል ዶሮዎች ከማይደርሱበት ከፍ ያለ ስፍራ ይቀመጥ። ዶሮዎቻችሁንም አስከትቡ። ወፎቹም እርስ በርሳቸው በሽታ ይተላለፋሉ። በእንግሊዝ አገር ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእርግብ የነበረ አንድ የጉሮሮ በሽታ ወደ ትናንሽ ወፎች ተዛምቶ ብዙዎቹን ጨረሰ። ወፎቹ በሚመገቡበት በአንድ ስፍራ መሰብሰባቸው በሽታውን አዛመተው። ስለዚህ የምትበትኑበትን ቦታ እየቀያየሩ መጥረግ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ መድኃኒት የተቀባ ዘር ለወፍም ለዶሮም አይበተን። እንዲህ ያለው ዘር ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ሌላ ቀለም የሚቀባው መርዝ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። በጓሮ አትክልትና በጫት ላይ መድኃኒት ሲረጭም ትሉን ብቻ አይገድልም። የሞተውን ትል የምትበላዋን ወፍ፣ ቅጠሉን የሚበላውንም ሰው ይጎዳል።

በመጨረሻ፣ ከእህልም ከውኃም የሚበልጠውን ልናገር፤ እርሱም ዛፍ ነው። የአንድ እፍኝ ብጣሪ ነገር በአንድ ቀን ያልቃል። ሾላና ዋርካ ግን ለትውልድ ይመግባሉ። አንዱ የሾላ ዛፍ ሲያፈራ ሌላው ገና ነው፤ ስለዚህ ሌላ ፍሬ በጠፋበት ወር እንኳ የሾላ ፍሬ አይጠፋም።

ምንቃሩ ትልቅ፣ በምንቃሩ ላይ ደግሞ ቀንድ የመሰለ ነገር ያለበትን ጥቁርና ነጭ ወፍ በባሕር ዳር ዛፎች ላይና በዘጌ ጫካ አይታችሁታል። እናቲቱ እንቁላል ልትጥል ስትል ወደ ትልቅ ዛፍ ጉድጓድ ትገባለች። በሩ በጭቃ ይደፈናል። ምንቃር ብቻ የሚያስገባ ስንጥቅ ይቀራል። አባትየው ፍሬ እየለቀመ በስንጥቁ በኩል እርሷንና ጫጩቶቿን ያጎርሳል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የሚገኘው ባረጀ ዛፍ ላይ ነው። ያ ዛፍ ለማገዶ ከተቆረጠ ለዚህ ወፍ የሚሆን ቤት የለም። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ያን ጉድጓድ የሚያወጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ እንትከል፤ የቆመውንም አንቁረጥ። ወፉም ቢሆን የዋለበትን አይረሳም፤ የበላውን የሾላ ዘር በየስፍራው እየጣለ ሌላ ዛፍ ይተክልልናል።

እንግዲህ ነገሩን ላጠቃልል። በበጋ ውኃ፤ ዝናቡ ሲጀምር አንድ እፍኝ ብጣሪ፤ በክረምት ጎጆን አለመንካት፤ በመፀው መበተንን መተው፤ ዓመቱን ሙሉ ዛፍንና ንጽሕናን መጠበቅ። ይህ ገንዘብ አያስወጣም። የሚጠይቀው ወቅቱን ማወቅና ልብ ብሎ ማየትን ነው።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. ምድሩ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ እህል የሚለቅሙ ወፎች ለምን ይራባሉ? ይህ ከገበሬው ሐምሌና ነሐሴ ጋር በምን ይመሳሰላል?

2. በእናንተ ግቢ ወይም ሰፈር ወፎች የሚጠለሉበት ስንት ያረጀ ዛፍ ቀርቷል? እንዳይቆረጥ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

3. የወፍ ውኃ በየቀኑ የሚደፋው ለምንድን ነው?