ስልኩ ያሸንፋል፤ ልጁስ ለምን ይማር?

(በቂርያት ጋት ለወጣቶችና ለወላጆች በአንድ ምሽት ከተደረገ ንግግር)



በቀጥታ ከሥራ ስለመጣሁ ልብሴን ይቅርታ አድርጉልኝ። በፈረቃ ሰዓት ከኢንዱስትሪ ቀጠናው መውጣት ምን እንደሚመስል አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ።

የዛሬውን ርዕስ የሰጠችኝ አንዲት እናት ናት። ባለፈው ወር በር ላይ አግኝታኝ፣ «ወንድሜ፣ ልጄ ቼዝ ልማር ይላል። ግን ስልክ ውስጥ ያለው ፕሮግራም የዓለም ሻምፒዮኑን ያሸንፋል አሉ። ታዲያ ልጄ ምን ለመሆን ነው የሚለፋው?» አለችኝ። ያን ቀን ጥሩ መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬ እዚህ ስላለች ልሞክር። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

መጀመሪያ ስለ ጉልበት። እኛ ሰፈር ያሉ ልጆች ሁለት ፕሮግራም በሁለት ስልክ ያጋጥሙና አንዴ ካሸነፈ «የእኔ ይበልጣል» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው አዲስ ስልክ ያለው ነው! እንዲህ አይለካም። መለኪያው ኢሎ ይባላል፤ አርፓድ ኢሎ በሚባል በሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ በኖረ የፊዚክስ መምህር የተሰየመ ነው። አቻ ግማሽ ነጥብ ነው። አንዱ ሌላውን በ100 ኢሎ ከበለጠው፣ ከ100 ጨዋታ ወደ 64 ነጥብ ይሰበስባል ተብሎ ይጠበቃል፤ በ200 ከበለጠው ወደ 76። ልዩነቱ 5 ወይም 10 ኢሎ ብቻ ከሆነ ግን በጥቂት ጨዋታ አይታይም። ስቶክፊሽ የሚባለውን፣ ማንም በነፃ የሚያወርደውን ፕሮግራም ተመልከቱ። ትንሽ ነገር ሲለወጥበት፣ ለውጡ ይጠቅም እንደሆነ ለማወቅ ፈቃደኛ ሰዎች በየቤታቸው ባሉ ኮምፒውተሮች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ ያጫውቱታል። ሰዓቱ እኩል፣ ማሽኑ እኩል መሆን አለበት። በትልልቆቹ ውድድሮችም አንዱን አከፋፈት ሁለቴ ያጫውቱና ነጭና ጥቁሩን ያቀያይሩታል።

እኛ ያለነው ቺፕ በሚሠራበት ከተማ ነው። ኢንቴል እዚህ ማምረት የጀመረው በ1999 ነው። ስለዚህ ፈጣን ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ይመስለናል። እስቲ እንየው።

በ1997 የአይቢኤም ዲፕ ብሉ ጋሪ ካስፓሮቭን 3.5 ለ2.5 አሸነፈ። ዲፕ ብሉ ለቼዝ ብቻ የተሠሩ ቺፖች ነበሩት፤ በሴኮንድ ወደ 200 ሚሊዮን አቀማመጥ ያይ ነበር። በ2003 ደግሞ ካስፓሮቭ ኒው ዮርክ ላይ ሌላ ፕሮግራም ገጠመ። ስሙ ዲፕ ጁኒየር፣ የሠሩት ሁለት እስራኤላውያን፣ አሚር ባን እና ሻይ ቡሺንስኪ። ይኼኛው የሚያየው በሴኮንድ 3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። ውጤቱ 3 ለ3፣ አቻ! (በነገራችን ላይ ኪሳችሁ ውስጥ ላለው ፍላሽ ዲስክ መነሻ በሆነው ፓተንት ላይ ከተመዘገቡት ፈጣሪዎች አንዱ ይኸው አሚር ባን ነው።)

ጁኒየር በትንሽ ፍጥነት እንዴት ቻለ? አንዱ ምክንያት ሁሉንም እንቅስቃሴ እኩል አለማየቱ ነው። ተስፋ ያለው የመሰለውን መንገድ ርቆ ይከተላል፤ ደካማ የመሰለውን ቶሎ ይተዋል። እኛም እኮ እንዲሁ ነው የምናስበው።

አሁን ወደ ጠባይ ልምጣ፤ እኔ የምወደው ይኼንን ነው። የዚያን ጊዜ ፕሮግራሞች ሆዳም ነበሩ። ወታደር ካገኙ ይበላሉ፤ የራሳቸውን ያለ ሒሳብ አይሰጡም። ጁኒየር ግን በ5ኛው ጨዋታ፣ ገና በ10ኛው እንቅስቃሴ፣ በዕብራይስጥ «ራጽ» የምንለውን ወስዶ የካስፓሮቭ ንጉሥ አጠገብ ያለውን ወታደር በላበት። ራጹ ወዲያው ተበላ። ንጉሡ ግን ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ቀረ። ጁኒየር የሚያሸንፍበትን መንገድ እስከ መጨረሻው ቆጥሮ አልነበረም፤ «ንጉሡ እንዲህ ከወጣ ለእኔ ይሻላል» ብሎ ገመተ እንጂ። ካስፓሮቭም በ19ኛው እንቅስቃሴ በአቻ ተስማማ።

ጠባይ የሚመጣው ከዚህ ግምት ነው። ፕሮግራም ለእያንዳንዱ አቀማመጥ ቁጥር ይሰጣል። ለንጉሥ ደኅንነት ብዙ ነጥብ ከሰጠ ደፋር ይሆናል፤ ለወታደር ብዙ ከሰጠ ቆጣቢ ይሆናል። ያን ጊዜ ሚዛኑን የሚወስነው ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነበር። በ2017 ብቅ ያለው አልፋዜሮ ግን ሕጉ ብቻ ተነገረው፤ ሚዛኑን ከራሱ ጋር በመጫወት ተማረ። በ2018 በታተመው ጥናት ከስቶክፊሽ ጋር 1000 ጨዋታ ተጫውቶ 155 አሸነፈ፣ 6 ተሸነፈ፣ ሌላው አቻ ነው። በሴኮንድ የሚያየው 60 ሺህ ያህል፣ ስቶክፊሽ ደግሞ 60 ሚሊዮን ያህል! ልዩ ቺፖች ስለነበሩት ሚዛኑ እኩል አይደለም ያሉ ነበሩ፤ ክርክራቸው ተገቢ ይመስለኛል። ጨዋታው ግን ውብ ነበር፤ ወታደር ሰጥቶ ቦታ ይገዛል፣ የዳሩን ወታደር እየገፋ ንጉሡን ያፍናል። በ2020 ስቶክፊሽም በልምምድ የሚማር ኔትዎርክ ተጨመረለትና የበለጠ በረታ።

ትልልቆቹ ስለ ሰንጠረዥ ሰምታችሁ ይሆናል። አገር ቤት በመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት ነበር። መጀመሪያ «ወረራ» አለ፤ አንድ ነገር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱም ያንቀሳቅሳሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያዩ ተጓዦች እንደጻፉት፣ ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም ነበር። በፈረስ ንጉሥን መያዝ ብዙም አያስመሰግንም፤ በደካማዎቹ፣ ለምሳሌ በወታደር፣ መያዝ ግን ያስመሰግናል። ኢሎ ይኼንን አይቆጥርም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ልጄ አንድ ቀን ፈረሱን ሰውቶ አሸነፈኝ። ደስታው ልዩ ነበር። ከዚያ ጨዋታውን ስልኩ ላይ አስገባው። ስልኩ «ትልቅ ስህተት» አለው። ፊቱ ጠቆረ። እኔም «እንግዲህ ማሽኑ ካለ አለ» አልኩት። ለሁለት ሳምንት ሰሌዳውን አልነካውም። ስልኩ ያለው እውነት ነበር፤ እሱን መሰል ተጫዋች መልሱን ያገኘዋል ማለት ግን አልነበረም። እኔ ራሴ አላገኘሁትም እኮ! አሁን በቤታችን ለምን እንደተጫወተው በራሱ ቃል ወረቀት ላይ ሳይጽፍ ስልክ አይከፈትም። ማያ የሚባል ፕሮግራምም አሳይቼዋለሁ። ይኼኛው ከሰዎች ጨዋታ የተማረ ነው፤ የሚፈልገው የተሻለውን ሳይሆን በዚያ ደረጃ ያለ ሰው የሚጫወተውን ነው። እንደ ሰው ይሳሳታል፤ ልጄ ከእሱ ጋር ይስቃል።

እህቴ፣ ልጅሽን አምጪው። ስልኩን አያሸንፈውም፤ እኔም አላሸንፈውም፣ የዓለም ሻምፒዮኑም አያሸንፈውም። እኛ ግን እርስ በርሳችን ነው የምንጫወተው።

ያንን 5ኛ ጨዋታ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬዋለሁ፤ 10ኛው እንቅስቃሴ ላይ ቆሟል። ተራው የጥቁሩ ነው። ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና ኑ፤ ሻይም አለ።