ክር፣ ዜማና ተኩላ

ወንድ፦ ዛሬ ወላጅና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚያዩት የክር አሻንጉሊት ቲያትር እንጨዋወታለን። እንስሳቱ በሙዚቃ የሚናገሩበትን «ፒተርና ተኩላው»ን መርጠናል።

ሴት፦ ምርጫው ደስ ብሎኛል። ሰርጌይ ፕሮኮፊየቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 ለልጆች ብሎ የደረሰው ነው፤ መጀመሪያ የተሰማውም ሞስኮ ላይ ነው። ወፏ በዋሽንት፣ ዳክዬዋ በኦቦ፣ ድመቷ በክላሪኔት፣ ተኩላው ደግሞ በሦስት ሆርኖች ይመጣሉ።

ወንድ፦ ለአሻንጉሊት የሚመቸውም ለዚህ ነው። የእንጨት ፊት አይለዋወጥም፤ ስሜቱን የሚሰጠው ዜማው ነው።

ሴት፦ የሰው እጅም አለበት እንጂ! አንቀሳቃሹ ከላይ ቆሞ ክሮቹ የታሰሩበትን የእንጨት መያዣ ያዘነብላል። ድመቷ አድብታ ስትራመድ እርምጃዋ ከሙዚቃው ምት ጋር መግጠም አለበት። ይህ የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል።

ወንድ፦ በኦስትሪያ የዛልስቡርግ ማሪዮኔት ቲያትር ከ1913 ጀምሮ ይህን ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያስተላልፍ ኖሯል። ታዲያ «የልጆች ጨዋታ» ብሎ ማቃለል ይገባል?

ሴት፦ በፍጹም! ዳክዬዋ በተኩላው ስትዋጥ የሚመለከተው ልጅ ያዝናል። መጨረሻ ላይ ኦቦው ሲሰማ ግን በተኩላው ሆድ ውስጥ በሕይወት እንዳለች ይረዳል። ሐዘንና ተስፋን በጆሮው መለየት ይማራል።

ወንድ፦ እንግዲህ ወላጆች፣ ልጆቹን አስገብታችሁ ደጅ አትጠብቁ፤ አብራችሁ ግቡ። ስትወጡም «ተኩላው ሲመጣ ምን ሰማችሁ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ሴት፦ መልሳቸውንም ሳታቋርጡ አድምጡ፤ ሙዚቃን በቃል መግለጽ የሚጀምሩት እዚያ ላይ ነውና።