የኦሞ ሙላትና የቱርካና ሐይቅ



ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ሲነሣ ሐሳባችን ወደ ዓባይ ይሮጣል። ዛሬ ግን ወደ ደቡብ እንውረድ። የኦሞ ወንዝ ከደጋው ተነሥቶ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ በእኛ ግዛት፣ ሰፊው አካሉ በኬንያ ይገኛል። ወደ ሐይቁ ከሚገባው ውኃ ከ80 በመቶ የሚበልጠው የኦሞ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውኃው የሚቀንሰው በትነት ነው። ስለዚህ ከደጋ የሚታጠበው አፈርም ሆነ ከእርሻ የሚወርደው ማዳበሪያ ማረፊያው እዚያው ነው።

243 ሜትር ከፍታ ያለው የጊቤ 3 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመረቅ ክርክሩ ሁሉ በውኃው መጠን ላይ ነበር። ጥያቄው ከመነሻው የጠበበ ይመስለኛል። ግድቡ አንዴ ከሞላ በኋላ ተርባይን የሚያሽከረክረው ውኃ ተመልሶ ወንዙን ይቀላቀላል። ለሸንኮራ አገዳ መስኖ የሚጠለፈው ግን አብዛኛው አይመለስም፤ ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ስሕተት ነው።

ከግድቡ ጋር የተለወጠው ዋናው ነገር የሙላቱ ወቅት ነው። ዳሰነቾች ማሽላ የሚዘሩት ሙላቱ ሲሸሽ በሚተወው ርጥብ ደለል ላይ ነው። ዓሣውም ለመራባት ሙላቱን ይጠብቃል። ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚፈስ ወንዝ ለኃይል ማመንጫ ይመቻል፤ ለዳሰነች ገበሬና ለቱርካና ዓሣ አጥማጅ ግን ዓመቱን ያዛባበታል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 የቱርካና ሐይቅ ብሔራዊ ፓርኮችን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ ይሸሻል ተብሎ የተፈራው ሐይቅ ከፍ አለ፤ የኦሞም ሙላት በዳሰነች ወረዳ ሰው አፈናቀለ። ይህን ይዘው «ስጋቱ ከንቱ ነበር» የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። በዚያው ጊዜ የኬንያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ባሪንጎና ናይቫሻም፣ ከፍ ብለዋል። ዝናብ የሰጠውን ዝናብ ይነሣል፤ ያኔ የግድቡና የመስኖው ድርሻ ጎልቶ ይታያል።

በግድቡ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ሰው ሠራሽ ሙላት መልቀቅ ታቅዶ ነበር። በእኔ እምነት የሁለቱ አገሮች ድርድር መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፦ ሙላቱ በየትኛው ሳምንት ይለቀቅ፣ ስንት ቀን ይቆይ፣ ለታችኛው ነዋሪ ማን በምን ቋንቋ አስቀድሞ ይንገረው? ከግድቡ በየዕለቱ የሚለቀቀው ውኃና የሐይቁ ከፍታ በአንድ መዝገብ ሰፍሮ ለሁለቱም ወገን ክፍት ይሁን። ይህን ለመጀመር ትልቅ ስምምነት እስኪፈረም መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሁለቱ አገሮች የውኃ ባለሙያዎች ቁጥር መለዋወጥ ይበቃቸዋል።