የካሪቢያን ሌሊት በለንደን

እሷ፦ ሰው ለካሪቢያን ሙዚቃ ብሎ ባርቤዶስ ድረስ ይበራል። ለእኛ ለለንደኖቹ ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ብቅ ማለት ይበቃናል።

እሱ፦ ይበቃናል አትበይ! እዚያ ገና ምሽት 1 ሰዓት ሲል ድምፅ ማጉያው ይዘጋል። እኔ የምፈልገው የምሽት ክበብ ነው።

እሷ፦ ክበብ ካልክማ፣ ትሪኒዳድ የተወለደው ኤድመንዶ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1951 እዚሁ ሪጀንት ስትሪት ላይ የራሱን ከፍቶ ለንደንን በሩምባና በሳምባ ሲያስጨፍር ነበር።

እሱ፦ የኛው ሙላቱ አስታጥቄስ? ኢንጂነር ይሆናል ተብሎ ዌልስ ቢላክ፣ ሙዚቃ አሸነፈውና እዚሁ ለንደን ትሪኒቲ ኮሌጅ ገባ። ከጉያናው ተወላጅ፣ ከድምፃዊና ከበሮ መቺው ፍራንክ ሆልደር ጋር የሠራው ያኔ ነው።

እሷ፦ እንግዲህ በሙላቱ ኢትዮ ጃዝ ላይ ኮንጋ ስንሰማ፣ በኋላ የሠራባትን ኒውዮርክን ብቻ አናመስግን፤ ለንደንም ድርሻ አላት።

እሱ፦ ካሪቢያን ደሴቶች ድረስ ለምትሄዱ አድማጮች ደግሞ አንድ ምክር፦ የሆቴሉን ባንድ ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ። አስተናጋጆቹ ከሥራ ሲወጡ የት እንደሚዝናኑ ጠይቁ።

እሷ፦ እውነትህን ነው፤ አዲስ አበባም እንግዳ ደህና አዝማሪ ቤት የሚያገኘው ጠይቆ ነው።