ስለ ጠገራ ብርና ስለ ማስታወሻ ገንዘብ

የዛሬው ንግግራችን በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ስለሚኖር ገንዘብ ነው።

በሰላማዊ ውቅያኖስ ኒውዌ የምትባል፣ ሕዝቧ 2,000 የማይሞላ ደሴት አለች። በስሟ ከሚወጡት የማስታወሻ ገንዘቦች አንዱ፣ አንድ አውንስ ጥሬ ብር ያለበት፣ በላዩ «2 ዶላር» የሚል ተጽፎበታል። ነገር ግን የብሩ ዋጋ ከተጻፈው እጅግ ስለሚበልጥ በ2 ዶላር የሚለቀው ሰው የለም፤ ይሰበሰባል እንጂ ዳቦ አይገዛበትም።

ይህ ነገር ለጅማ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን በሂርማታ ገበያ ቡናና ዝባድ የሚለወጥበት ጠገራ ብር የሩቅ አገር ንግሥት መልክ ነበረበት። ማሪያ ቴሬዛ በ1780 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ዐረፈች፤ ብሯ ግን ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ እስከ ዛሬ በቪየና ይታተማል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ነጋዴው የንግሥቲቱን አገር ሳያውቅ የዘውዷን ዕንቁ ቈጥሮ ይቀበል ነበር፤ በጠርዙ ዙሪያ ያለውም ጽሕፈት ብሩን ፍቆ የሚሰርቀውን ያጋልጥ ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በፓሪስ ያሠሩትና 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር በክብደትም በጥራትም የሚያንስ አልነበረም። ሆኖም ገበያው ለብዙ ዘመን የለመደውን መረጠ፤ እምነት በአዋጅ ብቻ አይጸናምና። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ግን የጠገራው ዘመን ወደ ማብቂያው ደረሰ። በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የነገሥታት መልክ ያለባቸው የማስታወሻ ገንዘቦች በአገራችን ስም ወጡ።

እንግዲህ ከሰቶ ሰመሮ እስከ አጋሮ፣ ከእናት ከአያት የተወረሰ ጠገራ በሣጥኑ ወይም በአንገት ጌጥ ላይ ያለው ቤተሰብ ሦስት ነገር ልብ ይበል። አንደኛ፣ 1780 ስለ ተጻፈበት ብቻ የዚያ ዘመን ሥራ ነው ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ ትክክለኛው ጠገራ 23 ግራም ከግማሽ የማያንስ ሳይሆን በዚያው አቅራቢያ፣ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለበት፤ ስለዚህ ሳያስመዝኑ በደጅ ለመጣ ገዢ በቍጥር መስጠት ይጎዳል። ሦስተኛ፣ የማስታወሻው ዋጋ በፈላጊው ብዛት ስለሚወሰን፣ ከአንድ ሰው በላይ መጠየቅ ይገባል።

ብሩ አንድ ቀን ከተሸጠ ቀልጦ ይቀራል፤ ያያት መታሰቢያም አብሮ ይቀልጣል። መሸጥ ግድ ቢሆን እንኳ ዐውቆ መሸጥ ይሻላል።